ሽልንጓን የሰወራት እጅ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ በተለይ ደግሞ ከፊት ምንጣፉ ላይ የተደረደራችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

የቅዳሜ ምሽታችሁን ሰጥታችሁን እዚህ ፒያሳ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሰው ምትሃት የሚጀምረው በምን ምክንያት እንደሆነ ንገረን» አሉኝ። ብዙ አሰብኩበት። የማውቃቸውን የሙያ ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ብጠይቅ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው ነው ታሪካቸውን የሚጀምሩት። አንድ ቀን አንድ ሰው ፊታቸው ቆሞ እጁን ከፈተ፤ እጁም ባዶ ነበር። እኔም የራሴን ሰው ልንገራችሁ።

ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ መንገዱ ሰፍቶ አበባ በተተከለበት በኩል፣ አንዲት የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ነበረች። ጠባብነቷ ለጉድ ነው፤ አንዱ ከገባ ሌላው ደጅ ይቆማል። ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የ11 ዓመት ልጅ። አባቴ «ሰዓቴ አልቆ ከሆነ ተቀብለህ ና» ብሎ ላከኝ። ሰዓት ሠሪውን የሰፈር ልጆች ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው፤ ዛሬም ጋሼ ናቸው። ማጉያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው አውርደው የአባቴን ሰዓት ፊቴ አስቀመጡ፣ ሂሳባቸውን ተቀበሉ፣ መልስ ሊሰጡኝ ሽልንግ አወጡ። ልጆች፣ ሽልንግ የምንላት ሃምሳ ሳንቲሟን ነው። ሽልንጓን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ መዳፋቸው አሻገሩ፣ ግራ እጃቸውን ጨበጡ፣ እፍ አሉበት። ከዚያ ጣታቸውን ከማርያም ጣት ጀምረው አንድ በአንድ ፈቱ። ምንም የለም።

«መልሴስ?» አልኩ፤ ልቅሶዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

«አባትህ ሰዓት ሥር ናት» አሉኝ። ሰዓቱን አነሳሁ። እውነትም እዚያው ተኝታለች።

ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ ሱቋ ሄድኩ። ሦስተኛውም ቀን ሄድኩ። ልብ በሉልኝ፤ ጋሼ ሥራ የበዛባቸው ሰው ነበሩ፤ ያ ሁሉ ጥቃቅን ጥርስና ሞላ በጠረጴዛቸው ተዘርግቶ አንድ ልጅ ደጃቸው ላይ ሲቆም «ሂድ ወዲያ፣ ብርሃን ጋረድክብኝ» ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በአራተኛው ቀን ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን ስበው «ተቀመጥ» አሉኝ። የእኔ ምትሃተኛነት የጀመረው ሽልንጓ የጠፋች ቀን ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ዛሬ ሳስበው የጀመረው ያ ሣጥን የተሳበልኝ ቀን ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ምን ነበር መሰላችሁ? ሽልንጓን መዳፌ ውስጥ፣ በአውራ ጣቴ ሥር ባለችው ሥጋ አጣብቀው አስያዙኝና «ሳምንት ሙሉ እንዲህ ይዘሃት ዋል» አሉኝ። «ለማንም አታሳይ፣ ምንም አታድርግ። ይዘሃት በር ክፈት፣ ይዘሃት ውሃ ቅዳ፣ ይዘሃት ሰው ሰላም በል። እጅህ መያዙን ሲረሳ ተመለስ።» ሞከርኩ። ሽልንጓ መቶ ጊዜ ወደቀች። እጄም እንደታመመ ሰው እጅ ተኮራመተ፤ እናቴ «ምን ነክቶህ ነው?» እስክትል ድረስ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሁለተኛው ትምህርት የዓይን ነበር። ሰው የሚያየው አንተ የምታየውን ነው፤ ሳንቲሙ ግራ እጅህ ገብቷል ብለህ አንተ ራስህ ካላመንክ፣ ዓይንህ ሾልኮ ቀኝ እጅህን ካየ፣ አለቀልህ። ጋሼ ይህን ያስተማሩኝ መስታወት ፊት አቁመው ነው፤ ዓይኔ በሰረቀ ቁጥር ጠረጴዛውን በወረንጦ ኳ ያደርጉልኛል። ያ ድምፅ ዛሬም መድረክ ላይ ሆኜ ይሰማኛል።

ጋሼ ራሳቸው የተማሩት እዚሁ ፒያሳ ይኖር ከነበረ ግሪካዊ ደንበኛቸው ነው። እሱ ደግሞ ከማን እንደተማረ እግዜር ይወቀው። አንድ ታሪክ ግን በኩራት ይነግሩኝ ነበር፤ የዘመናዊ ምትሃት አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ዣን ዩጂን ሮቤር ኡዳን ሰዓት ሠሪ መሆኑን። «የእኛ ሰው ነው» ይላሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው። ሮቤር ኡዳን እ.ኤ.አ. በ1805 ብሏ በምትባል ከተማ ተወለደ። ራሱ እንደተረከው፣ በወጣትነቱ የሰዓት ሥራ መጻሕፍት ሊገዛ ሄዶ መጽሐፍ ሻጩ ተሳስቶ የምትሃት መጻሕፍት ጠቅልሎ ሰጠው። አልመለሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1845 ፓሪስ ውስጥ የራሱን ቴአትር ከፈተ፤ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው የምሽት ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ መውጣትን ያስለመደውም እሱ ነው። የሱን የሕይወት ታሪክ ያነበበ አንድ ቡዳፔስት የተወለደ፣ አሜሪካ ያደገ ወጣት ደግሞ ስሙን ከሱ ወስዶ ራሱን ሁዲኒ አለ። ከሰንሰለት በማምለጥ የታወቀውን ሁዲኒን የማታውቁ አትኖሩም። በኋላ ግን ያው ሁዲኒ እ.ኤ.አ. በ1908 ያንኑ አርአያውን የሚያዋርድ መጽሐፍ አሳተመ። ሁዲኒን እንደ ባለሙያ አከብረዋለሁ፤ ይህን ሥራውን ግን ባነሳሁት ቁጥር ቅር ይለኛል። ስም የሰጠህን ሰው እንዲህ አይደረግም።

አሁን ወላጆችን የሚመለከት ነገር ላንሳ።

እናቴ የሱቋን ነገር ስትሰማ ደነገጠች። ሃይማኖተኛ ሴት ናት። «አስማት ልትማር ነው?» አለችኝ። ቃሉ ራሱ ከባድ ነው። አስማት በግዕዝ ስሞች ማለት ነው፤ ኅቡዕ ስም እየጠሩ መንፈስ ለማዘዝ ከመሞከር ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ስለዚህ እኔ ሥራዬን ምትሃት ነው የምለው፤ ልጆቹ ማጂክ ቢሉትም ቅር አይለኝም። እናቴ ግን በቃል የምትረታ አልነበረችም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ እሁድ ከሰዓት ቤታችን መጡ። ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦሉን ጠጡ፣ መረቁ፣ ከዚያ ሽልንጓን አወጡና ለእናቴ ሰወሩላት። እናቴ አማተበች። በዚህ ጊዜ ጋሼ ያደረጉትን፣ እኔ በሙያው ስቆይ ሌላ ሰው ሲያደርገው አላየሁም፤ ወደ እሷ ዞረው ቀኝ እጃቸውን ገለበጡና ሽልንጓ የተደበቀችበትን አሳዩዋት። «እትዬ፣ ይኸው ነው። መንፈስም የለበት፣ ስምም አልተጠራበት። እጄ ነው» አሏት።

ምስጢር መጠበቅ የሙያችን ሕግ ነው። ለንደን ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተው የምትሃተኞች ማኅበር መሪ ቃሉ ያደረገው ይህንኑ ነው። ጋሼ ያንን ሕግ በአንዲት እናት ፊት አጠፉ፤ እኔ ደግሞ ልክ ነበሩ እላለሁ። እናቴም ያን ምስጢር ለጎረቤት፣ ለእህቷ፣ ለአባቴም ሳይቀር ሳትናገር ነው የሞተችው። አባቴ በየበዓሉ «እንዴት ነው የሚያደርገው?» ብሎ ሲጠይቃት «እኔ ምን አውቄ» ትለው ነበር።

ጋሼ ያወቁት ይመስለኛል ወይም በደመ ነፍስ አገኙት፤ ፍርሃትን ለማጥፋት ምስጢርን መግለጥ የቆየ ነገር ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1584 ሬጂናልድ ስኮት የሚባል ሰው የእጅ ምትሃት እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ምዕራፍ ያለበት መጽሐፍ ያሳተመው የምትሃተኞችን ዝና ሊያበላሽ ብሎ አልነበረም። ምስኪን ሰዎች ጠንቋይ ናችሁ እየተባሉ ሲሰቀሉ አይቶ ነው። እኔም አንድ ጊዜ፣ ልጆች ሊያስመርቅ የጠራኝ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ አንድ ወላጅ ተቆጥቶ ትርኢቴን መሃል ላይ አስቁሞ አስወጥቶኛል። ልጆቹ ፊት ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ የተሰማኝን አልረሳውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከየትኛውም ትርኢት በፊት «የማሳያችሁ የእጅ ጥበብ ነው፣ በልምምድ የመጣ ነው» ሳልል አልጀምርም። ወጣት ባለሙያዎች፣ እባካችሁ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ኃይል አለኝ ብሎ ሰው ማስፈራራት ቀላል ነው፤ ግን በፈራ ልጅ አጠገብ ማን ሣጥን ይስብለታል?

አንድ ልጅ በጥሩ አስተማሪ እጅ ሲገባ እስከ የት እንደሚደርስ ላሳያችሁ። ካናዳ፣ ኦታዋ የተወለደ ዳይ ቨርነን የሚባል ሰው ነበር፤ ሙያተኞች በሙሉ «ፕሮፌሰሩ» ነው የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1922 ቺካጎ ውስጥ ካርታ መሃል የከተታትን አንዲት ካርታ እየደጋገመ ከላይ በማውጣት፣ ሦስት ጊዜ ያየሁትን ሁሉ እደርስበታለሁ ይል የነበረውን ሁዲኒን አቅቶት እንዲሄድ አደረገው። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላው ነው። 98 ዓመት ኖሮ የመጨረሻዎቹን አሠርት ዓመታት ያሳለፈው ሎስ አንጀለስ በሚገኝ የምትሃተኞች ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለሚመጣ ወጣት ሁሉ እያሳየ ነው። ከሱ ጋር ለመዞር በ14 ዓመቱ ከቤቱ የወጣ ፐርሲ ዳያኮኒስ የሚባል የኒውዮርክ ልጅ ነበር። ወላጆች አትደንግጡ፤ ከቤት ውጡ ልላቸው አይደለም። ያ ልጅ ካርታ ሲበውዝ አድጎ፣ በማታ ትምህርት ጀምሮ፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከባልደረባው ጋር ሆኖ 52ቱ ካርታ በደንብ እንዲደባለቅ 7 ጊዜ መበወዝ እንደሚበቃ በሒሳብ አረጋገጠ። ካርታ የቁማር ብቻ ነው ለምትሉኝ ዘመዶቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህንን ነው።

አርጀንቲናዊው ምትሃተኛ ሬኔ ላቫንድ ደግሞ በ9 ዓመቱ በመኪና አደጋ ቀኝ እጁን አጣ። ያሉት የካርታ መጻሕፍት በሙሉ ለሁለት እጅ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ የሚያስተምረው አጥቶ በግራ እጁ ብቻ የራሱን መንገድ ፈለሰፈ። ሲሠራ በምስል ያያችሁት እንደሆነ፣ ፍጥነት የለውም። ይባስ ብሎ እያዘገመ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ማለት አይቻልም ይላል፤ እናንተም ቀስ ብሎ እያያችሁት ታጡታላችሁ። ከተማሪዎቼ መካከል በአንድ እጁ የሚሠራ ልጅ አለ። የላቫንድን ምስል ያሳየሁት ቀን ምንም አልተናገረም። ካርታውን ይዞ ቤቱ ሄደ።

ለሴቶች ልጆች ደግሞ አደሌድ ኸርማንን ልጥቀስላችሁ። ምትሃተኛ ባሏ እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሞት የሱን ትርኢት ተረክባ ለሦስት አሠርት ዓመታት ያህል በራሷ ስም መራችው። ቅድም ያነሳሁት የለንደኑ ማኅበር ግን ሴቶችን አባል ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ዘግይቷል፤ በጣም ዘግይቷል። እኛ እዚህ ገና እየጀመርን ስለሆነ ያንን ስህተት የምንደግምበት ምክንያት የለም።

የሩቁን ሁሉ ስጠራ የቅርቡን እንዳልረሳ። ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆችን ሰዓት የያዙት አባባ ተስፋዬ፣ በ2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ለስንቱ ትውልድ አያት ነበሩ። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉ እኔን ነበር የሚያዩኝ፤ ጎረቤት ቤት ወለል ላይ ከተቀመጥነው ልጆች ሁሉ እኔን ብቻ። እያንዳንዳችን እንደዚያ ነበር የሚሰማን። መድረክ ላይ ቆሜ ልጅ ፊት ስናገር የምመኘው ያንን ዓይን ነው።

የሙያ ጓደኞቼ፣ አሁን ልጆች ከስልክ ይማራሉ። አልቃወምም፤ እኔ ዓመት የለፋሁበትን በአንድ ምሽት አይተው ይመጣሉ። ስልኩ ግን አውራ ጣትህ ጎልቷል አይላቸውም። ዓይናቸው ሲሰርቅ በወረንጦ ኳ አያደርግላቸውም። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ፤ ትርኢት ጨርሳችሁ በጓሮ በር አትውጡ። አሥር ደቂቃ ቆዩ። ሁሌም ሁሉ ሄዶ ግድግዳ ተደግፎ የቀረ አንድ ልጅ አለ። እሱን ፈልጉት።

የጋሼ ሱቅ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ አብራ ሄደች። እሳቸው ከዚያ በፊት ነው ያረፉት። ሣጥኑ የት እንደደረሰ አላውቅም። ሽልንጓ ግን ይቻት፤ ፊቷ ተልጦ አንበሳው በግድ ነው የሚታየው።

አንቺ፣ ከፊት ቀይ ሹራብ የለበስሽው፣ እስቲ ነዪ። መዳፍሽን ዘርጊ። እዚህ ጋ፣ አውራ ጣትሽ ሥር። አዎ፣ እንዲሁ። በርሽን ክፈቺባት፣ ውሃ ቅጂባት፣ ለማንም እንዳታሳዪ፤ ለእናትሽ ብቻ ይፈቀዳል። የዛሬ ሳምንት ስትመጪ እጅሽን አየዋለሁ።