ጭብጡ ሳይያዝ አዳራሽ አይያዝ

የተከበራችሁ የሕግ ትምህርት ቤት መምህራን፣ ዳኞች፣ ዐቃቤያነ ሕግ፣ ጠበቆችና ተማሪዎች፤

የምናገረው ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለሕዝብ ክፍት አድርገው ስለሚያዘጋጁት የሕግ ሴሚናር ነው። ስለ ባነርና ስለ ድምፅ ማጉያ አልናገርም፤ እነሱን ማንም ያሟላል። ሴሚናር የሚበላሸው ቀደም ብሎ፣ ርዕስ ሲመረጥ ነው።

«የዲጂታል ዘመንና ሕጋችን» የሚል ማስታወቂያ ከተለጠፈ ሦስት አቅራቢዎች ስለ ሦስት የማይገናኙ ነገሮች ተናግረው ይወርዳሉ፤ ከታዳሚ የሚመጣውም ጥያቄ ሳይሆን ስብከት ይሆናል። ዳኛ ግራ ቀኙን አከራክሮ ማስረጃ ከመስማቱ በፊት ጭብጥ ይይዛል፤ ማለትም ተከራካሪዎቹ የሚለያዩበትን፣ ውሳኔ የሚፈልገውን ነጥብ ለይቶ ያስቀምጣል። እኛም እንደዚያው እናድርግ። አንድ ድንጋጌ፣ የድንጋጌው ሁለት አሳማኝ ንባብ (ትርጓሜ)፣ እንደ ንባቡ የሚያሸንፍ ወይም የሚሸነፍ ሰው ያስፈልጋል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ጉዳዩ ገና አልበሰለም።

ምሳሌ ልስጥ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ፊት እንዲደረግ ይላል። ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ የሚደነግገው ቁጥር 2877 ግን ጽሑፍን ብቻ ይጠይቃል፤ ምዝገባን የሚያነሳው ቁጥር 2878ም ሽያጩ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት እንዲኖረው ነው። ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ የቤት ዋጋ ሲንር «ውላችን በአዋዋይ ፊት አልተደረገም» ብሎ ይፍረስልኝ የሚለው ሻጭ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። በመጨረሻ ውሳኔዎች ላይ ያለን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚያርመው የሰበር ሰሚ ችሎትም ጉዳዩን ደጋግሞ አይቶታል፤ ፎርሙን፣ ማለትም የውሉን አደራረግ ሥርዓት፣ አጥብቆ ከመያዝ ተነሥቶ ተዋዋዮቹ ውሉን ያልካዱበትን ሁኔታ ለይቶ እስከማየት ሄዷል።

ያረጀ ክርክር ነው የሚል ይኖራል። የዛሬው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠውን የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም፣ በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ አደረገ። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ ቀድሞ የተሰጠን አስገዳጅ ትርጉም የመለወጡን ሥራ ከሰባት ላላነሱ ዳኞች ሰጠ። እንግዲህ በቀድሞው ትርጉም ተማምኖ የተዋዋለ ሰው፣ ክርክሩ ሳያልቅ ትርጉሙ ቢለወጥ፣ በየትኛው ይዳኛል? ይህ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሁለት ሰዓት ያከራክራል።

ጭብጡ ከተያዘ ዝግጅቱ ስድስት ሳምንት ይበቃዋል። አንድ አቅራቢና አንድ ተወያይ እንጂ አምስት ሰው መድረክ ላይ አይደርደር። ተወያዩ የተቃራኒውን ንባብ የሚከላከል ይሁን፤ «ጽሑፉ ግሩም ነው፣ አንዳንድ ነገር ብቻ ልጨምር» የሚል ተወያይ ጊዜ ያባክናል። አቅራቢው ከአራት ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ከአሥር ቀን በፊት ያስገባ። ከጽሑፉ ጋር የድንጋጌው ሙሉ ቃልና የሰበር ውሳኔው ፍሬ ነገር ይባዛ። አዋጆችን ከእንግሊዝኛው ቅጂ ብቻ እየጠቀሱ መከራከር ልማድ ሆኗል፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛው ቅጂ የበላይነት አለው። ሁለቱ ሲለያዩ ከተገኘማ ያው ራሱ ሌላ ጭብጥ ነው።

ሁለቱን ሰዓት እንዲህ ከፋፍሉት፦ ለአቅራቢ 25 ደቂቃ፣ ለተወያይ 15፣ ለታዳሚ 60፣ ለመልስ 20። ስልሳ ስላይድ ይዞ የመጣ አቅራቢ የታዳሚውን ሰዓት እንደሚበላ የታወቀ ነው። ስለዚህ አወያዩ የማስቆም ሥልጣን እንዳለው ከመድረኩ በፊት ለአቅራቢው ይነገረው።

አሁን ከባዱ ነገር። ሴሚናሩ በእርግጥ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ የራሱን መዝገብ በፌስታል ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ተነሥቶ የባለጋራውን ስም ከነአድራሻው ይናገራል። ማንጓጠጥም፣ እዚያው ፍርድ መስጠትም ስሕተት ነው። አንደኛው ሰውየውን ያዋርዳል፤ ሌላኛው አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ምክር መስጠት ነው። በር ላይ ከነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላችሁ ሁለት ሰው በጠረጴዛ አስቀምጡ፣ ይህንንም በጥሪው ላይ ጻፉ። አወያዩ «ስም ሳንጠራ ጥያቄውን ብቻ እንውሰድ፤ ለመዝገብዎ ከአዳራሹ ውጭ የሚጠብቁዎት አሉ» ቢል ሰውየውም ይከበራል፣ ውይይቱም አይቆረጥም።

በችሎት ላይ ያሉ ዳኞችን ስትጋብዙ እልባት ስላገኙ ጉዳዮች ብቻ እንዲናገሩ አስቀድማችሁ ተስማሙ። በተመሳሳይ ጭብጥ ላይ በክርክር የቆመ ጠበቃ መድረክ ላይ ካለ ይህንኑ ለታዳሚው ይግለጽ። ጥያቄው አሁን በፍርድ ቤት ከሆነ ፍሬ ነገሩ የተቀየረ ምናባዊ ጉዳይ ሠርታችሁ በዚያ ተወያዩ።

ቃለ ጉባኤው ማን ምን አለ የሚል ዝርዝር አይሁን። ሁለት ገጽ ይበቃል፦ የተስማማንበት፣ የተለያየንበት፣ ልዩነቱን በትርጉም መፍታት ይቻል እንደሆነ ወይም የግድ የሕግ ማሻሻያ ያስፈልግ እንደሆነ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘገየ የሚያነበው የለም።

ለሚቀጥለው ወር ሴሚናር የጭብጥ ሐሳብ ያላችሁ ዛሬ ከመበተናችን በፊት በጽሑፍ ስጡን። የድንጋጌውን ቁጥርና ሁለቱንም ንባብ ያልያዘ ሐሳብ ግን አንቀበልም።

አመሰግናለሁ።