ማላዊ ላይ ስንደርስ

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ስለ ሒሳብ ተናገር ስባል ይህን የአፍሪካ ካርታ ከቤት ይዤ መጣሁ። ጥጉ ላይ ሻይ ፈሶበታል፤ ይቅርታ። የቀባችው የሰባት ዓመት ልጄ ናት።

ደንቡ አጭር ነው። ድንበር የሚጋሩ አገሮች አንድ ዓይነት ቀለም አይቀቡም። ነጥብ ላይ ብቻ የሚነካኩ እንደ ጎረቤት አይቆጠሩም። ዓላማው በተቻለ መጠን በጥቂት ቀለም መጨረስ ነው።

ከኢትዮጵያ ጀመረች። አረንጓዴ ቀባቻት። ዙሪያዋን ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ደቡብ ሱዳንና ሱዳን አሉ። ቢጫ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ እያለች ዞራ ገጠመች። ሦስት ቀለም በቃት።

ከዚያ ማላዊ ደረሰች። ጎረቤቶቿ ታንዛኒያ፣ ዛምቢያና ሞዛምቢክ ብቻ ናቸው። «ይሄማ ቀላል ነው!» ማላዊ አረንጓዴ፣ ታንዛኒያ ቢጫ፣ ዛምቢያ ቀይ። ሞዛምቢክ ላይ እጇ ቆመ። ሞዛምቢክ ሦስቱንም ትነካለች። ላጲስ መጣ፤ ተፋቀ፤ እንደገና ተቀባ፤ እንደገና ተፋቀ። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። በዚያ ቀን የሠራሁት ትልቁ ሥራ እሱ ነው። ከብዙ ትግል በኋላ ሰማያዊውን አነሳች።

ስድስት ጎረቤት ያላት በሦስት ቀለም አለቀች፤ ሦስት ጎረቤት ያላት አራት ጠየቀች። ለምን? እራት ላይ ራሷ አመጣችው። «ስድስቱ ጥንድ ጥንድ ናቸው። እነዚህ ግን አንዱ ብቻውን ይቀራል።»

ቀጥሎ የፈራሁት መጣ። «አምስት የሚፈልግ ካርታስ አለ?»

ይህን ጥያቄ ትልልቆቹም ተቸግረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1852 ፍራንሲስ ጉትሪ የሚባል ወጣት የእንግሊዝን አውራጃዎች ሲቀባ አራት ቀለም እንደሚበቃ አስተዋለ። በወንድሙ በኩል ጥያቄው ፕሮፌሰር ኦገስተስ ደ ሞርጋን ዘንድ ደረሰ፤ እሳቸውም አልፈቱትም። በ1879 አልፍሬድ ኬምፕ «አረጋገጥኩ» አለ፤ ሰው አመነው። ከ11 ዓመት በኋላ ፐርሲ ሄይዉድ ስህተቱን አወጣበት። እውነተኛው ማረጋገጫ የተገኘው በ1976 ነው። ኬኔት አፔልና ቮልፍጋንግ ሃከን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ከ1,000 ሰዓት በላይ አሠሩ። አራት ይበቃል! አንዳንድ የሒሳብ ሰዎች ግን አኮረፉ፤ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ የማይፈትሸው ማረጋገጫ ምን ማረጋገጫ ነው ብለው። እኔም ትንሽ ስሜታቸው ይገባኛል።

ልጄም አላመነችም። አምስት የሚፈልግ ካርታ ልታገኝ ደብተር ሙሉ እየሳለች ነው። ተይ አላልኳትም።

ለእናንተ ደግሞ ሩዋንዳን ትቻለሁ። አራት ጎረቤቶች አሏት። ወረቀትና ከለር በሩ አጠገብ አለ።

አመሰግናለሁ።