የመሪው ፖስት ወረዳ ሲደርስ

[ምስል፦ ቱሉ ዲምቱ፣ ማለዳ። የታክሲ ሰልፍ። ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ሰው።]

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ጠዋት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ስልኩን ነው የሚያየው። ሰልፉ ረጅም ነው። ዳታ ካለ ጊዜው ይገፋል። አንዱ ቲክቶክ ያያል፣ ሌላዋ የብሎካቸውን ቴሌግራም ግሩፕ ታነባለች። በዚያ መሃል ከንቲባዋ የመረቁት መንገድ ይመጣል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጎበኙት የስንዴ ማሳ ይመጣል። ማንም ፈልጎ አልከፈተውም፤ ራሱ ነው የመጣው።

ዛሬ የምናየው ይሄንን ነው። መሪዎች ማህበራዊ ሚዲያን ለምርጫ ቅስቀሳም ለማስተዳደርም እንዴት ይጠቀሙበታል? እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ጥያቄ አለ። መሪው የጻፈው ነገር መቼ ነው የሚሠራው? ከተማው ዳር ለሚኖር ሰው ይሄ የቤት፣ የውሃና የትራንስፖርት ጉዳይ ነው።

[ምስል፦ ነጋሪት። ቀጥሎ የድሮ ሬዲዮ።]

ድሮ አዋጅ በነጋሪት ነበር የሚነገረው። ገበያ መሃል፣ ሰው በተሰበሰበበት። ቀጥሎ ሬዲዮ መጣ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን። በእነዚህ ሁሉ ግን በመሪውና በሕዝቡ መካከል ሌላ ሰው ይቆም ነበር። ጋዜጠኛ ካለ ደግሞ ቢያንስ «መቼ? በስንት ብር? ለማን?» ብሎ ለመጠየቅ ዕድል አለው። ፌስቡክ ላይ ያ ሰው የለም። መሪው ይጽፋል፣ ሚሊዮኖች ወዲያው ያነባሉ።

ይሄ ቀላል ለውጥ አይደለም። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ሌሊት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የመከላከያ ሠራዊቱ በትግራይ እርምጃ እንዲወስድ መታዘዙን በፌስቡክ ገጻቸው አሳወቁ። በዓመቱ፣ ኅዳር 2014 ላይ፣ ወደ ጦር ግንባር እንደሚዘምቱ የገለጹትም በማህበራዊ ሚዲያ ነው። ትግራይ ውስጥ ግን ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ነገሩ ከማንም በላይ የሚመለከተው ሕዝብ መልዕክቱን ከፍቶ ማንበብ አይችልም ነበር።

በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። የኤልሳልቫዶሩ ፕሬዚዳንት ናይብ ቡኬሌ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2019 ሥልጣን እንደያዙ የመንግሥት ሠራተኞችን በትዊተር ያባርሩ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸውን ሬክስ ቲለርሰንን ማሰናበታቸውን ለዓለም የነገሩት በትዊተር ነው። ይሄ ለተመልካች አንጀት ያርሳል። መሪው ቆራጥ ይመስላል። ግን የተሰናባቹ ጥፋት ምንድነው? ማን አጣራ? ፖስቱ ላይ ያ የለም።

[ምስል፦ የፌስቡክ ገጽ፣ ወደ ታች ሲንሸራተት።]

አሁን ፖስቱ እንዴት እናንተ ጋ እንደሚደርስ እንይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ፌስቡክ ሁሉንም ፖስት ለሁሉም ሰው አያሳይም። ይመርጣል። ሰው ኮሜንት የጻፈበት፣ ሼር ያደረገው፣ የተከራከረበት ነገር ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ኩባንያው ይህንን ስሌት ሲቀይር፣ ዓላማዬ ሰዎችን ይበልጥ ማነጋገር ነው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከውስጡ አፈትልከው የወጡ ሰነዶች ግን ሌላ ነገር አሳዩ። የአውሮፓ ፓርቲዎች ለራሱ ለኩባንያው አቤት ብለዋል። ስሌቱ ተቀናቃኝን ወደ ማጥቃት ገፋን ነው ያሉት። ፖላንድ ውስጥ የአንድ ፓርቲ የማህበራዊ ሚዲያ ቡድን ግምቱን በቁጥር አስቀምጦታል። ድሮ ግማሽ በግማሽ ነበርን፣ አሁን ከፖስታችን 80 በመቶው አሉታዊ ሆኗል ብሏል።

አስቡት። ፓርቲው በአንድ ስብሰባ ወስኖ ተሳዳቢ አልሆነም። ስድብ ሰው ጋ ስለሚደርስ፣ የጤና ጣቢያ ዕቅድ ደግሞ ስለማይደርስ፣ ቀስ በቀስ ወደዚያው ተሳበ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ይሄ ነው። ምክንያቱም ክፉ ሰው አያስፈልገውም።

የእኛ ሰፈር ላይ ይሄ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማት የተነሱ ሰዎች ገላን ጉራ ገብተዋል። ስለ መንደሩ በይፋዊ ገጾች የሚወጣው ቪዲዮ ከድሮን የተነሳ ነው። ያምራል። ቀለሙ፣ መንገዱ፣ የልጆች መጫወቻው ሁሉ ከላይ ይታያል። መሠራቱም እውነት ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ግን ከላይ የተነሳ ቪዲዮ ቧንቧው ውስጥ ውሃ መኖሩን አያሳይም። ሦስተኛ ፎቅ በጄሪካን ውሃ የምትሸከም ሴት በድሮን አትታይም። ኮሜንቱን ስታነቡ «ውሃ መቼ ነው?» የሚል አለ። ከሥሩ የሚመጣው መልስ ልብ ምልክትና ባንዲራ ነው፤ ከሌላ አካውንት።

[ምስል፦ የድምፅ መስጫ ሳጥን።]

ቅስቀሳው ላይ ብዙ አልቆይም። ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢንተርኔት ደጋፊ አደራጅተው፣ አነስተኛ መዋጮ ሰብስበው አሸነፉ፤ ዓለም ተማረበት። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ካምብሪጅ አናሊቲካ የሚባል የምርጫ ቅስቀሳ አማካሪ ድርጅት እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን መረጃ አግኝቶ እንደነበር ተጋለጠ። ከደጃፍ ወደ ደጃፍ የሚሄድ ቀስቃሽ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚናገረው። ጎረቤት ለጎረቤት ያወራዋል፣ ይፈተሻል። ለእያንዳንዱ ሰው ተለክቶ በስልኩ የሚላክ ማስታወቂያ ሲሆን ግን ጎረቤቴ ስልክ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም፤ እሱም የእኔን አያውቅም።

በአገራችን ሕግ ድምፅ ከሚሰጥበት ዕለት በፊት ያሉት ጥቂት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው። ቅስቀሳ ይቆማል፣ ሞንታርቦ ይዘጋል። የተለጠፈ ቪዲዮ ግን እየተንሸራሸረ ይቀጥላል፤ ሼር የሚያደርገው ፓርቲው ሳይሆን የአክስቴ ልጅ ነው። ሰኔ 2013 ምርጫው ቀናት ሲቀሩት ፌስቡክ አንድ መግለጫ አወጣ። የመንግሥት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋም ከሆነው ከኢንሳ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር የተያያዘ፣ የአገር ውስጥ ተመልካች ላይ ያነጣጠረ የሐሰት አካውንቶች መረብ አጥፍቻለሁ አለ። ኮሜንት ላይ የምናየው ጭብጨባ ሁሉ የሰው እጅ ነው ብሎ ማመን የማይቻለው ለዚህ ነው።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። ቪፒኤን ያለው ይገባል፣ የሌለው ይቀራል። የባለሥልጣናት ገጾች ግን መለጠፋቸውን አላቋረጡም። ሕዝቡ የማይገባበት አዳራሽ ውስጥ ንግግር ይደረግ ነበር ማለት ነው።

[ምስል፦ የወረዳ መስኮት። ወረፋ። የስልክ ስክሪን በቅርበት።]

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ።

አንድ ወረዳ መስኮት ላይ ወረፋ ይዤ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጅ ልጃቸውን ስልክ ይዘው ቆመዋል። ስክሪኑ ላይ የጤና መድህን እድሳት ጊዜ ተራዝሟል የሚል ጽሑፍ አለ። ሎጎ አለው፣ የከተማ አርማ አለው።

«ልጄ፣ ይኸው ተራዝሟል ይላል» አሉ።

«እማማ፣ እኛ ጋ ደብዳቤ አልደረሰም» አለ መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ሠራተኛ።

«ከላይ ታዞ የለ እንዴ?»

ልጁ ስልኩን ተቀበላቸው። ምስሉን በጣቱ ሰፋ አደረገው። ከላይ፣ ቀኑ የሚጻፍበት ቦታ ተቆርጧል። የራሱን ስልክ አውጥቶ ገጹን ፈለገ። ፖስቱ እውነት ነው፣ አለ። ግን የአምና ነው። አንድ ሰው ግሩፕ ላይ ስክሪንሾቱን በቅንነት ለቆታል፣ ሃያ ሰው አስተላልፎታል። እኚያ እናት በታክሲ፣ በእግር፣ በፀሐይ መጥተው መስኮት ላይ ነው የተረዱት።

የበሬ ወለደ ወሬ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ይሄ ግን እውነተኛ ፖስት ነው። እውነተኛ ፖስት ከቀኑ ሲነጠል ሰው ያሳስታል።

እኛ ዳር የምንኖር ሰዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለብን። ነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ላይ ተስማሙ። ከዚያ ሸገር ከተማ ተመሠረተ። አንዳንድ ቦታ አስፋልቱን ስትሻገሩ ሌላ ከተማ ነው። ልጁ እዚህ ይማራል፣ ቤቱ እዚያ ነው። ስለዚህ ሰው የሁለት ከንቲባ ገጽ ይከታተላል። የከንቲባ አዳነች አቤቤ ገጽ ላይ የወጣ የካቢኔ ውሳኔ የአዲስ አበባ ነው፤ ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን ቤት አይመለከትም። ፖስቱ ግን ሁለቱም ወገን ላይ እኩል ይታያል። ስልክ ወሰን አያውቅም።

ታዲያ ምንድነው የሚሠራው? አዋጅ የሚጸናው በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቶ ነው። መመሪያም የራሱ መንገድ አለው። በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአዲስ አበባ አስተዳደርንም ይጨምራል። በእሱ መሠረት መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ረቂቁ ይፋ መሆን አለበት። ከወጣም በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር ካልተመዘገበና ድረ ገጽ ላይ ካልተጫነ ተፈጻሚ አይሆንም። ሰው ይህንን ቢያውቅ ስንት ድካም ይቀርለት ነበር! ፌስቡክ ላይ «ከነገ ጀምሮ» የሚል ቃል ብቻውን ግዴታ አይጥልብህም፤ መብትም አይሰጥህም። መመሪያው የት አለ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ሕግ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገጹ የሕዝብ ነው የግል? አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ፖርት ሂውረን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ፌስቡክ ላይ የቤተሰቡንም የሥራውንም ነገር ይለጥፍ ነበር። በኮሮና ጊዜ አንድ ነዋሪ ኮሜንት ላይ ወቀሰው። ሰውየው ኮሜንቱን አጠፋ፣ ቀጥሎ ነዋሪውን ብሎክ አደረገው። ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ አንድ መለኪያ አስቀመጡ። ባለሥልጣኑ በመንግሥት ስም የመናገር ሥልጣን ካለው፣ ፖስቱ ላይም ያንን ሥልጣን እየተጠቀመ ከሆነ፣ ድርጊቱ እንደ መንግሥት ድርጊት ይቆጠራል። የግል ጨዋታ ከሆነ ግን የግሉ ነው።

እኛ አገር ይህንን ጥያቄ ገና በደንብ አላነሳነውም። ልናነሳው ይገባል። የቢሮ ኃላፊው ገጽ ላይ የውሃ ፈረቃ የሚለጠፍ ከሆነ፣ እዚያ ገጽ ላይ «ሰፈራችን ተረስቷል» ያለ ሰው ብሎክ ሲደረግ የፈረቃውን ዜና ከየት ይስማ? ደግሞም ማድመጥ ይቻላል። የኬንያው ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ.፣ የወጣቶች ተቃውሞ በበረታበት ሰሞን፣ ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ላይ የድምፅ ውይይት ከፍተው ወጣቶች ፊት ለፊት ጠየቋቸው። መልሳቸው ሁሉንም አላረካም። ግን ጥያቄው በሕዝብ ፊት ተጠይቋል፣ ተቀድቷል።

[ምስል፦ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ማህተም።]

ስለዚህ ቤታችሁን፣ ውሃችሁን፣ ንግድ ፈቃዳችሁን የሚነካ ፖስት ስታዩ እንዲህ አድርጉ። ስክሪንሾቱን ትታችሁ ገጹን ራሱን ክፈቱ። ቀኑን እዩ። የየትኛው ከተማ እንደሆነ እዩ። «ተወስኗል» ይላል ወይስ «ታቅዷል»? በሁለቱ መሃል የዓመታት ርቀት ሊኖር ይችላል። የመመሪያ ቁጥር ካለው ቁጥሩን ያዙ።

ከዚያ ወረዳ ሂዱ። በቃል ብቻ አትጠይቁ፤ በቃል የተጠየቀ ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ ይባላል። ግማሽ ገጽ ማመልከቻ ጻፉ። ፖስቱ የወጣበትን ቀንና ገጽ ጥቀሱ፣ ይሄ እኛን ይመለከታል ወይ ብላችሁ በጽሑፍ መልስ ጠይቁ። ሁለት ኮፒ ያዙ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፣ ሌላው ላይ ማህተም አስመቱ። የገቢ ቁጥሩን ሳትይዙ ከመስኮቱ አትሂዱ።