ማዕቀቡ ያነጣጠረባቸውና የመታቸው

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪዎች፦

በ1973 መገባደጃ ላይ ዐረብ ነዳጅ አምራቾች ስሟን ጠርተው ነዳጅ ከከለከሏቸው አገሮች አንዷ ሆላንድ ነበረች። ሆላንዶች ለጥቂት ሳምንታት እሑድ እሑድ መኪና ማሽከርከር ተከለከሉ፣ ባዶ አውራ ጎዳና ላይ ብስክሌት ነዱ፤ ከጎረቤቶቻቸው የተለየ ጉዳት ግን አልደረሰባቸውም። ኢትዮጵያ በማዕቀቡ ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም። እንዲያውም ማዕቀቡን ያስነሣው የዐረብና የእስራኤል ጦርነት በፈነዳ በ17ኛው ቀን፣ ኦክቶበር 23፣ ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣለች። አዲስ አበባ ላይ ታክሲ የቆመው፣ ብዙም ሳይቆይ ካቢኔው የወደቀው ግን ገና አምስት ወር ሳይሞላ ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህ እንዴት እንደሆነ ነው። በተለይ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ጊዜ «የነዳጅ ማዕቀብ» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች ነበሩ። ኦክቶበር 16 ቀን ኩዌት ላይ የተሰበሰቡ ስድስት የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ዐረብ ያልሆነችው ኢራንም ጭምር፣ የተለጠፈውን ዋጋ ከ3.01 ወደ 5.12 ዶላር ከፍ አደረጉ። የተለጠፈ ዋጋ ማለት ነዳጁ በትክክል የሚሸጥበት ዋጋ አይደለም፤ ኩባንያዎቹ ለባለአገሩ መንግሥት የሚከፍሉት ግብርና የባለቤትነት ድርሻ የሚሰላበት ቁጥር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ ቁጥር ከኩባንያዎቹ ጋር በድርድር ይወሰን ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን መንግሥታቱ ብቻቸውን ወሰኑት። በማግስቱ፣ ኦክቶበር 17፣ የዐረብ አገሮቹ ምርታቸውን ከሴፕቴምበር መጠን በየወሩ 5 በመቶ እየቀነሱ ለመሄድ ተስማሙ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ለእስራኤል የ2.2 ቢሊዮን ዶላር ዕርዳታ በጠየቁ ማግስት ደግሞ ሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አሜሪካ የምትልከውን ነዳጅ ሙሉ በሙሉ አቆመች። ማዕቀብ የሚለው ቃል በትክክል የሚገባው ለዚህ ለሦስተኛው ነው፤ ከሦስቱም ደካማው እሱ ነበር።

ለምን? የዓለም የነዳጅ ገበያ አንድ ትልቅ ጎታ ነው። ከየትኛውም ወገን ቅዳ፣ የሚጎድለው ለሁሉም ነው። ከሳዑዲው ራስ ተኑራ ወደብ ወደ ሮተርዳም ሊሄድ የነበረው መርከብ ወደ ማርሴይ ይዞራል፤ ወደ ማርሴይ ሊሄድ የነበረው የናይጄሪያ ጭነት ወደ ሮተርዳም ይዞራል። በ1973 ይህንን ያቀናበሩት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ራሳቸው ናቸው። የዐረቡን ነዳጅ ላልተከለከሉት፣ ሌላውን ለተከለከሉት እያዞሩ ጉዳቱ በሁሉም ደንበኛ ላይ በተቀራራቢ መቶኛ እንዲደርስ አደረጉ። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ የቢፒንና የሼልን ኃላፊዎች ጠርተው ለብሪታንያ ሙሉ ድርሻዋ እንዲሰጣት ጠየቁ። ኩባንያዎቹ እምቢ አሉ። የብሪታንያ መንግሥት በዚያን ጊዜ የቢፒን ግማሽ ያህል አክሲዮን የያዘ ባለድርሻ እንደነበር ልብ በሉ።

የጎዳው ሁለተኛው ውሳኔ ነው፤ ጎታውን ራሱን አጎደለው። በዲሴምበር ወር፣ ሌሎች የጨመሩት ተቀንሶ፣ ከገበያው የጠፋው መጠን በቀን 4.4 ሚሊዮን በርሜል አካባቢ ነበር። ከኮሚኒስቱ ዓለም ውጭ ከነበረው አቅርቦት 9 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። 9 በመቶ ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰው መኪናውን፣ ፋብሪካውን፣ የቤት ማሞቂያውን በሳምንት ውስጥ ስለማይቀይር፣ ትንሽ ጉድለት ዋጋውን ብዙ እጥፍ ያንረዋል። ኢራን በዚያው ዲሴምበር ነዳጇን በጨረታ ስታቀርብ ከ17 ዶላር በላይ የሰጠ ተጫራች ተገኘ። በዚያው ወር መጨረሻ ቴህራን ላይ የተለጠፈው ዋጋ 11.65 ዶላር ሆነ፤ በሦስት ወር ውስጥ አራት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። በነገራችን ላይ ኢራቅ በምርት ቅነሳው አልተሳተፈችም፤ ኢራንም እንዲሁ። ዋጋው ሲወደድ ግን ሁለቱም ከሌሎቹ እኩል ተጠቀሙ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1967ቱ የስድስት ቀን ጦርነት ጊዜም ዐረቦቹ ማዕቀብ ጥለው ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሸፈ። ልዩነቱን በዋናነት መፈለግ ያለብን ቴክሳስ ነው። የቴክሳስን የነዳጅ ምርት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ስሙ የባቡር ኮሚሽን ነው፤ ስሙ አያሳስታችሁ። ይህ ኮሚሽን ዋጋ እንዳይወድቅ እያለ ጉድጓዶች ከአቅማቸው በታች እንዲያመርቱ ለአሥርት ዓመታት ገደብ ያደርግ ነበር። በ1967 ያ የታሰረ አቅም ተለቀቀና ክፍተቱን ሞላ። በማርች 1972 ግን ኮሚሽኑ ገደቡን ወደ 100 በመቶ አነሣው፤ ማለትም ሊለቀቅ የሚችል ትርፍ አቅም አልቀረም። የአሜሪካ ምርት የዚያን ዘመን ጣሪያውን የነካው በ1970 ነው። ከዚያ በኋላ የትርፍ አቅሙ ባለቤት ሳዑዲ ዐረቢያ ሆነች። በእኔ ግምት የዘመኑን የነዳጅ ፖለቲካ ለመረዳት ከጦር ሜዳው ዜና ይልቅ ይህ የማርች ውሳኔ ይበልጣል።

የፖለቲካው ውጤትስ? ዘጠኙ የአውሮፓ ማኅበረሰብ አገሮች ኖቬምበር 6 ቀን ወደ ዐረቦቹ አቋም ያዘነበለ መግለጫ አወጡ፤ ጃፓን ኖቬምበር 22 ተከተለች። ዋናው ዒላማ አሜሪካ ግን ለእስራኤል የምትሰጠውን ዕርዳታ አልቀነሰችም። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኪሲንጀር ግብፅና እስራኤል ጦራቸውን የሚያራርቁበትን ስምምነት በጃንዋሪ 1974 አስፈረሙ፤ ማዕቀቡ ማርች 18 ቀን ተነሣ። ዋጋው ግን አልወረደም። የአሜሪካ ማደያዎች ላይ የታየው ረጅም ሰልፍም ብዙው የማዕቀቡ ሥራ አልነበረም፤ መንግሥት ዋጋ በመገደቡና ነዳጁን ባለፈው ዓመት ፍጆታ መሠረት በመደልደሉ፣ አንዱ ከተማ ተርፎት ሌላው ይጠማ ነበር።

አፍሪካ ውስጥ ከ20 በላይ አገሮች ከእስራኤል ጋር ተቆራረጡ። ብዙዎቹ በምላሹ ነዳጅ በቅናሽ እንዲሸጥላቸው ጠየቁ፤ ቅናሹ አልመጣም። የመጣው የብድር ፈንድ ነው፤ ብድር ደግሞ ይከፈላል።

ኢትዮጵያ ድፍድፉን ከውጭ እየገዛች አሰብ ላይ ታጣራው ነበር። ማጣሪያ መኖሩ ከዋጋ አያድንም፤ የሚያስቀረው የማጣሪያውን ትርፍ ብቻ ነው። የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨምር የታክሲ ታሪፍ ባለበት እንዲቆይ ተደረገ፤ ጭማሪው በሙሉ ሹፌሩ ኪስ ላይ አረፈ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 11 ቀን 1966 ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት መምህራኑ የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተቃውመው አድማ መቱ። ዋጋው ዝቅ እንዲል ተወሰነ፤ ነገር ግን ዘግይቶ ነበር፣ የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። አብዮቱን ያመጣው ቤንዚን ነው ማለት ስሕተት ነው። የወሎ ረሀብ፣ የነገሌ ወታደሮች አመፅ፣ የመሬት ጥያቄ ሁሉ ቀድመው ነበሩ። ቤንዚኑ ያደረገው፣ ተማሪው ለዓመታት ሲጮኸው የነበረውን ብሶት የከተማው ሠራተኛ በየዕለቱ ከኪሱ እየከፈለ እንዲቀምሰው ማድረግ ነው።

ሀብታሞቹ ነዳጅ ገዢ አገሮች ከዚህ ትምህርት ወሰዱ። በኖቬምበር 1974 ዓለም አቀፉን የኢነርጂ ኤጀንሲ መሠረቱ፤ እያንዳንዱ አባል ከውጭ ከሚገዛው ነዳጅ ወደ ውጭ የሚሸጠው ተቀንሶ የሚቀረውን መጀመሪያ ለ60፣ በኋላም ለ90 ቀናት የሚተካ ክምችት እንዲይዝ ግዴታ ገቡ። አሜሪካ በቴክሳስና በሉዊዚያና የጨው ዋሻዎች ውስጥ የምታከማቸው ከዚሁ የተነሣ ነው። ጨው ርካሽ ነው፤ በውኃ ሟሙቶ ይቦረቦራል፣ ነዳጁንም አያሰርግም። ለማውጣት ከሥር ውኃ ይለቀቃል፤ ነዳጁ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይገፋል። ችግሩ፣ በእያንዳንዱ ዙር ውኃው ግድግዳውን ትንሽ ስለሚያሟሟው ዋሻው እየሰፋ መሄዱ ነው። ስለዚህ ሊወጣና ሊሞላ የሚችልበት ዙር ቁጥሩ የተወሰነ ነው።

በዲሴምበር 2022 ቡድን ሰባትና የአውሮፓ ኅብረት ሩሲያ ላይ የሠሩት የ1973ቱ ግልባጭ ነው። ጎታው እንዲጎድል አልፈለጉም፤ የባለጎታው ገቢ እንዲቀንስ ፈለጉ። ስለዚህ መርከቡን ሳይሆን ኢንሹራንሱን ያዙ፦ በበርሜል ከ60 ዶላር በላይ የተሸጠ የሩሲያ ድፍድፍ የምዕራባውያን መድን እንዳያገኝ አደረጉ። ሩሲያ ያረጁ መርከቦችን ሰብስባ በሌላ መድን አሰማራች። ከባልቲክ ወደ ሮተርዳም በሳምንት ይደርስ የነበረው ጭነት ወደ ህንድ አንድ ወር ገደማ መጓዝ ጀመረ። ከጦርነቱ በፊት ከሩሲያ የምትገዛው ከ2 በመቶ የማይበልጥ የነበረው ህንድ፣ በ2023 ከምታስገባው ሲሶ በላይ ከዚያ ሆነ።

ህንድ ያንን ድፍድፍ አጣርታ ናፍጣውን ለአውሮፓ ሸጠች። ኅብረቱ ይህንን ቀዳዳ ለመድፈን ከሩሲያ ድፍድፍ የተጣራ ምርት እንዳይገባ በጁላይ 2025 ወስኗል፤ ተግባራዊ እንዲሆን የተወሰነውም ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ነው። ማጣሪያው ግን የሩሲያውንም የባሕረ ሰላጤውንም ድፍድፍ በአንድ ማማ ውስጥ ደባልቆ ያፈላል። ናፍጣው ሲወጣ ከየት ድፍድፍ እንደተገኘ ናሙና ወስዶ በእርግጠኝነት መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሮተርዳም ላይ ያለው የጉምሩክ ሠራተኛ የሚመረምረው ሻጩ የሞላለትን ወረቀት ነው።

አመሰግናለሁ።