ቦርዶ ለምን ይቀላቀላል? (የውይይቱ ጽሁፍ)

ቤቲ፦ እሺ ዛሬ ቦርዶ ነው፣ የፈረንሳዩ ወይን። እኔ ግን ከመጀመራችን በፊት ጥያቄ አለኝ ዳኒ፣ ሱፐርማርኬት ገብቼ የቦርዶ ጠርሙስ ሳነሳ የሻቶው፣ ማለትም የወይን እርሻው፣ ስም አለ፣ ዓመቱ አለ፣ የቦታው ስም አለ፣ ከምን የወይን ዝርያ እንደተሰራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት አይጽፉም። የኛው ሪፍት ቫሊ እንኳን ሜርሎ ከሆነ ሜርሎ፣ ሲራ ከሆነ ሲራ ብሎ በግልጽ ይጽፋል እኮ።

ዳኒ፦ አዎ፣ ምክንያቱም ቀዩ ቦርዶ ብዙውን ጊዜ ቅልቅል ነው። ከድሮ ጀምሮ የሚታወቁ ስድስት ቀይ ዝርያዎች አሉ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሜርሎ፣ ካቤርኔ ፍራን፣ ፔቲ ቬርዶ፣ ማልቤክ፣ ካርሜኔር። ግን ዋናውን ስራ የሚሰሩት የመጀመሪያዎቹ ሶስቱ ናቸው፣ ፔቲ ቬርዶና ማልቤክ ትንሽ ትንሽ ይገባሉ፣ ካርሜኔር ደግሞ እዛ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ቤቲ፦ የሚቀላቅሉት ለጣዕሙ ብለው ነው?

ዳኒ፦ እሱም አለ፣ ግን እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ የጀመረው ከስጋት ነው። ቦርዶ አትላንቲክ አጠገብ ነው፣ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሜርሎ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ቀድሞም ይበስላል፣ ካቤርኔ ሶቪኞን በሁለቱም ይዘገያል፣ ስለዚ ሚያዝያ ላይ ውርጭ ቢመታ ሜርሎው ተቃጥሎ ካቤርኔው ሊተርፍ ይችላል፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ዝናብ ቢወርድ ደግሞ ሜርሎው ተለቅሞ ገብቷል፣ ካቤርኔው ነው እርሻው ላይ የሚበሰብሰው። ሁለቱንም የተከለ ሰው ባዶ እጁን አይቀርም።

ቤቲ፦ ገበሬ ነው በቃ! ትግራይ ሀንፈጽ ይላሉ አይደል፣ ገብስና ስንዴውን አብረው የሚዘሩት፣ ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ ገብሱ ይደርሳል።

ዳኒ፦ በትክክል። ሰው ቦርዶ ሲባል የሚያስበው የሀብታም መጠጥ፣ ክሪስታል ብርጭቆ ምናምን ነው፣ እኔ ግን ይሄ የገበሬ ብልሃት መሆኑ ነው ልቤን የሚነካኝ።

ቤቲ፦ ግን ሁሉም በእኩል አይቀላቅልም አይደል? ግራና ቀኝ ሲሉ እሰማለሁ።

ዳኒ፦ ጋሮንና ዶርዶኝ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ይገናኙና ዢሮንድ ይሆናሉ፣ ወደ ባህሩ ስትሄጂ በግራ በኩል ሜዶክ አለ፣ መሬቱ ጠጠር ነው። ጠጠር ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይለቃል፣ ስለዚ ያ ዘግይቶ የሚበስለው ካቤርኔ ሶቪኞን እዛ ይደርሳል። ሜዶክ እኮ ድሮ አብዛኛው ረግረግ ነበር፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ መሀንዲሶች ናቸው ቦይ ቆፍረው ያደረቁት። በቀኝ በኩል ደግሞ ሳንቴሚሊዮንና ፖምሮል አሉ፣ ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ፣ አፈሩ ቀዝቃዛ ነው፣ እዛ ሜርሎ ነው የሚነግሰው፣ ካቤርኔ ፍራን ይከተለዋል። ፔትሩስ የሚባለው ያ እጅግ ውዱ ወይን ከፖምሮል ነው፣ እሱ እንደውም ሜርሎ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ቤቲ፦ ስለዚ የቦታውን ስም ካወቅኩ ዝርያውን በግምት አወቅኩ ማለት ነው፣ ሜዶክ ካለ ካቤርኔ ይበዛዋል፣ ሳንቴሚሊዮን ካለ ሜርሎ።

ዳኒ፦ እሱ ነው። እኔ የገባኝ ግን በአይኔ ሳይ ነው። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ሳንቴሚሊዮን አካባቢ አንዲት ትንሽ እርሻ ሄጄ ነበር፣ የሚቀላቅሉበት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሴትየዋ ከየበርሜሉ ለየብቻ ቀዳችልኝ፣ በርሜሉ 225 ሊትር ነው፣ 300 ጠርሙስ ይወጣዋል። መጀመሪያ ሜርሎውን፣ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ የበሰለ ፕሪም ነገር፣ ዋጥ ስታደርጊው ግን ቶሎ ይጠፋል። ቀጥሎ ካቤርኔ ሶቪኞኑን፣ አፍ ሲገባ ይጠነክራል፣ መጨረሻ ላይ ድድሽን ያደርቀዋል፣ መሀሉ ላይ ግን የሆነ ባዶ ቦታ አለ። ከዛ ካቤርኔ ፍራን፣ እሱ ሽታው ነው፣ አበባ ነገር፣ ከስር ደግሞ ትንሽዬ የቃሪያ ሽታ።

ቤቲ፦ የቃሪያ? የምር?

ዳኒ፦ የምር፣ ሁለቱም ካቤርኔዎች በደንብ ሳይበስሉ ከተለቀሙ ቃሪያ ቃሪያ ይላሉ፣ ዘመዳሞች ናቸው እኮ፣ በፈረንጆቹ 1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ በዲኤንኤ ተረጋግጧል፣ ካቤርኔ ሶቪኞን የካቤርኔ ፍራንና የነጩ የሶቪኞን ብላን ልጅ ነው። እና ሴትየዋ መለኪያ ብልቃጥ አውጥታ ቀላቀለችልኝ፣ 70 በመቶ ሜርሎ፣ 20 ፍራን፣ 10 ሶቪኞን፣ ስቀምሰው ያ ባዶ ቦታ ተሞልቷል፣ ሜርሎው ሞላው፣ የሜርሎውን መጨረሻ ደግሞ ካቤርኔው ያዘለት። ደግሞ ይሄ የዘንድሮ ነው ነው ያለችኝ፣ ካቻምና ሌላ ነበር፣ የሚመጣው ዓመት ሌላ ይሆናል። የተጻፈ ልክ የለም፣ የሚወስነው ዝናቡ ነው።

ቤቲ፦ እኔን የሚያናድደኝ ግን ሰው ስለ ቦርዶ ሲያወራ ዝም ብሎ 1855 ላይ መሄዱ ነው፣ ለናፖሊዮን ሶስተኛው የፓሪስ ኤግዚቢሽን ተብሎ በዋጋ የተደረደረ የወይን እርሻዎች ዝርዝር። ከቀዮቹ ከሜዶክ ውጪ የገባው ኦ ብሪዮን የሚባለው እርሻ ብቻ ነው፣ ቀኙ ዳርቻ በሙሉ የለበትም። አንደኛ ደረጃ ላይ ለውጥ የተደረገው ደግሞ አንዴ ብቻ፣ በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ የሚባለው እርሻ ከሁለተኛ ከፍ ሲል። በዛ ዝርዝር ወይን መምረጥ ለኔ አይገባኝም።

ዳኒ፦ እስማማለሁ፣ እንለፈው። የካርሜኔር ታሪክ ይሻላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የሚባል ሥር የሚበላ ተባይ ከአሜሪካ መጥቶ የአውሮፓን ወይን ጨረሰው፣ መፍትሄው የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ መግጠም ነበር። እንደገና ሲተክሉ ካርሜኔርን ተዉት፣ ቦርዶ ላይ በደንብ አይበስልም ነበር። ግን ከዛ በፊት ወደ ቺሊ የተወሰደ ችግኝ ነበር፣ ቺሊዎች ሜርሎ ነው እያሉ ሲለቅሙት ኖረው በ1994 አንድ ፈረንሳዊ ባለሙያ አይቶ ይሄ ካርሜኔር ነው አላቸው።

ቤቲ፦ መቶ ዓመት በሌላ ስም! እኛ ጋርስ፣ ዝዋይ ያለው ወይን?

ዳኒ፦ እሱማ ቀጥታ የቦርዶ ዘመድ ነው። ሪፍት ቫሊን የሚሰራው ካስቴል በ1949 ቦርዶ ላይ የተመሰረተ የቤተሰብ ድርጅት ነው፣ ጊዮርጊስ ቢራንም በቢጂአይ በኩል የያዘው እሱ ነው። ዝዋይ ላይ ሜርሎና ካቤርኔ ሶቪኞን ተከሉ፣ ሲራም አለ፣ ሲራ ግን የቦርዶ ዝርያ አይደለም፣ የሌላ የፈረንሳይ ቦታ፣ የሮን ሸለቆ ነው።

ቤቲ፦ አሁን ላይ ግን እዛ ቦርዶ ነገሩ ጥሩ አይደለም ሲሉ ነው የምሰማው።

ዳኒ፦ ያሳዝናል በጣም። ሙቀቱ ጨምሯል፣ ሜርሎ ቀድሞ ስለሚበስል ስኳሩ ይበዛል፣ አልኮሉ ይከብዳል፣ ያ መድህን የነበረው ዝርያ አሁን ራሱ ስጋት ሆነ። በ2021 አራት አዳዲስ ቀይ ዝርያዎች ተፈቀዱ፣ የፖርቹጋሉ ቱሪጋ ናሲዮናል አንዱ ነው፣ ግን ከእርሻው 5 በመቶ፣ ከቅልቅሉ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ተብሎ። በዛ ላይ ሰው ቀይ ወይን መጠጣት ቀንሷል፣ ከ2023 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር እንዲነቀል ለገበሬው በሄክታር 6,000 ዩሮ ድጋፍ ተመደበ። አያቱ የተከለውን ወይን ራሱ በትራክተር የሚነቅል ሰው አስቢ።

ቤቲ፦ ... ከባድ ነው።

ዳኒ፦ ለዚህ ነው ስሙ ያልታወቀ፣ ትንሽ እርሻ የሚሰራውን ቦርዶ ግዙ የምለው፣ ጥሩ ነገር በመጠነኛ ዋጋ አለ።

ቤቲ፦ እሺ፣ እሁድ ቤት ሰው ይመጣል፣ ዶሮ ወጥ ነው ያሰብኩት።

ዳኒ፦ ለዶሮ ወጥ አልመክርሽም፣ በርበሬው ያንን ድድ የሚያደርቀውን ነገር ያመርረዋል፣ አልኮሉም ያቃጥላል። ጥብስ አድርጊው፣ ቃሪያው ቀለል ያለ፣ ሜርሎ የበዛበት ከቀኙ ዳርቻ ግዢ፣ ሰው ከመምጣቱ አንድ ሰዓት በፊት ማሰሮ ነገር ውስጥ ገልብጪውና አየር ያግኘው።

ቤቲ፦ ማሰሮ አለኝ፣ የእናቴ። ና አንተም።

ዳኒ፦ እመጣለሁ፣ ከሜዶክ አንድ ይዤ፣ ጎን ለጎን እንቀምሳቸዋለን።