ዊንጌት ዊንጌት! ታክሲው ሳይሆን ሰውየው

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ነው የምቀርጸው። ንፋሱ ማይኩን ትንሽ ያስቸግረዋል፣ ከኋላዬ ደግሞ ዓሣ እየጠበሱ ነው፣ ሽታው በቪዲዮ አይመጣም እንጂ እናንተም ይሄን ቪዲዮ ጥላችሁ ነበር የምትሄዱት።

አዲስ አበባ ታክሲ የያዘ ሁሉ ይቺን ያውቃታል። ወያላው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ዊንጌት ዊንጌት ዊንጌት፣ የሞላ!" ይላል፣ ያልሞላውን። እኔ መጀመሪያ የሰፈር ስም ብቻ ነበር የመሰለኝ። ከዛ አጠገቤ የተቀመጡትን አባት "ዊንጌት ማነው?" ብዬ ስጠይቃቸው "እንግሊዝ ነው፣ ጀነራል" አሉኝና ወረዱ። በቃ። እንግሊዝ ነው፣ ጀነራል። ዛሬ እሳቸው ሳይጨርሱልኝ የወረዱትን ነው የምንጨርሰው።

ኦርድ ዊንጌት ይባላል። እንግሊዝ ይሁን እንጂ የተወለደው ህንድ ነው፣ በ1903፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምነግራችሁ፣ በኛ ስል በኛ እላለሁ። አባቱ መኮንን፣ ቤተሰቡ በጣም አጥባቂ ፕሮቴስታንት፣ ልጆቹ መጽሐፍ ቅዱስ በቃላቸው እየያዙ ነው ያደጉት። ይቺን መጽሐፍ ቅዱስ ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን። ከዛ ወታደራዊ አካዳሚ፣ መድፈኛ፣ ከዛ በ1928 ሱዳን። ሱዳን ምን ይሠራ ነበር? ድንበር ላይ፣ በነገላባት በነዲንደር በኩል፣ ከኢትዮጵያ እየተሻገሩ ዝሆን የሚገድሉና ባሪያ የሚፈነግሉ ሰዎችን ማሳደድ። ስለዚህ ከኛ ሰው ጋር መጀመሪያ የተዋወቀው እያባረረን ነው፣ ሃሃ።

ጠባዩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ኮሜንት ላይ "አሪፍ ጀግና" ምናምን ትላላችሁ፣ አብራችሁት ብትኖሩ ግን አንድ ሳምንት አትችሉትም። ጥሬ ሽንኩርት እንደ ፖም ይገምጣል። ገላውን በውሃ ከመታጠብ በብሩሽ መፈግፈግ ይወዳል። እንግዳ ራቁቱን ሆኖ የሚቀበልበት ጊዜ አለ። ከአለቆቹ ጋር ደግሞ ሁሌ ጭቅጭቅ። ጣና አጠገብ ሆኖ ገላን በብሩሽ… እኔ ምንም አላልኩም።

በ1936 ፍልስጤም ተመደበ፣ እዛ አይሁዶቹንና የእንግሊዝ ወታደሮችን ቀላቅሎ በሌሊት የሚንቀሳቀስ ቡድን አቋቋመ። ሽልማት አግኝቶበታል፣ ግን በአረብ መንደሮች ላይ የተፈጸመው ጭካኔም ተጽፎ አለ፣ ይሄን ዘለው የሚያወሩ ቪዲዮዎች ደስ አይሉኝም። የቡድኑ መቀመጫ ዓይን ሐሮድ የሚባል ቦታ ነው። ሐሮድ! ሰንበት ትምህርት ቤት የተማራችሁ ሐሮድን ታውቁታላችሁ።

አሁን የምወደው ቦታ ደረስን፣ ቡናችሁን ቅዱ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እዚች ላይ አድርጉ።

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7። ጌዴዎን ከምድያም ጋር ሊዋጋ 32,000 ሰው ይዞ ሐሮድ ምንጭ አጠገብ ሰፈረ። እግዚአብሔር በዛብህ አለው። የፈራ ይመለስ ተባለ፣ 22,000 ተመለሰ! አስቡት፣ ከሦስት ሰው ሁለቱ "እኔ እንኳን ቤት ሥራ አለኝ" ብሎ ሄደ። 10,000 ቀረ። አሁንም በዛ። ውሃ ዳር አውርዳቸው ተባለ። ተንበርክኮ የጠጣው ሁሉ ወደ ቤቱ፣ ውሃውን በእጁ ወደ አፉ አድርሶ የላሰው ይቅር። የቀረው 300።

ይሄን ሳነብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ እዚህ ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ናቸው። ቅድም አንዱን እያየሁት ነበር፣ የጫነው እንጨት ነው፣ ደንገሉ ግማሹ ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ ሰውየው መቅዘፊያውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላኛው ዝቅ ብሎ ውሃ ጨለፍ አደረገና ጠጣ፣ ዓይኑን ግን ከፊቱ አላነሳም። ጌዴዎን ቢያየው ወዲያው ነው የሚመዘግበው። የምር፣ 300ዎቹ እኮ የተመረጡት በጉልበት አይደለም፣ እየጠጡ እያዩ ስለነበር ነው፣ የኔ ትርጉም ነው፣ መምህራን ብታርሙኝ ደስ ይለኛል። ከዛ ለያንዳንዱ ቀንደ መለከት፣ ባዶ ማሰሮ፣ ማሰሮው ውስጥ ችቦ ተሰጠው። በሌሊት ሰፈሩን ከበቡት፣ ማሰሮውን ሰበሩ፣ መለከቱን ነፉ፣ ጮኹ። ምድያም እርስ በርሱ ተራረደ። 300 ሰው በማሰሮና በጩኸት!

ዊንጌት ይሄን ታሪክ በልጅነቱ ጠጥቶታል፣ ኋላ ደግሞ ሄዶ እዛው ምንጭ አጠገብ ኖረበት። ስለዚህ ጎጃም የሚያስገባውን ጦር "የጌዴዎን ጦር" ብሎ ሲሰይመው ቀልዱን አልነበረም።

ጎጃም። ይሄን ፈጠን አድርጌ ልለፈው፣ የጣልያንን ወረራ የማያውቅ እዚህ ቻናል ላይ የለም። ጃንሆይ በ1940 ክረምት ካርቱም ገቡ፣ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ቀድሞ ጎጃም ገብቶ ከአርበኞቹ ከነደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ጋር ተገናኘ፣ ዊንጌት ህዳር ላይ በትንሽ አውሮፕላን ሰከላ አርፎ ሳንድፎርድን አገኘው። ሰከላ የት ነው? ግሽ ዓባይ! እዛ የሚፈልቀው ውሃ እኮ እየወረደ ወርዶ እዚህ ጣና ነው የሚገባው። ጥር 12 ቀን 1933 በኛ፣ የጥምቀት ማግስት፣ ጃንሆይ ኡም ኢድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ፣ ከዛ በላያ ተራራ፣ ከዛ ወደ ደጋው። የጌዴዎን ጦር ሱዳናዊውም ኢትዮጵያዊውም ጥቂት እንግሊዞቹም ተደምረው 2,000 አይሞሉም፣ ጎጃም ያለው የጣልያን ጦር ከ30,000 በላይ። ዘዴው በሌሊት መምታት፣ ቦታ መቀየር፣ ብዙ መምሰል ነው። አንዴማ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ጣልያንኛ የሚችል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጣልያኖቹን በስልክ አናገራቸውና "ትልቅ ጦር እየመጣባችሁ ነው" አላቸው። መለከቱ ስልክ ሆነ፣ አያችሁ?

ግመሎቹ ግን አሳዘኑኝ። መጽሐፉ ላይ ግመል የጠላት ነው፣ የምድያም ግመል ቁጥር የለውም ይላል። ዊንጌት ጋ ግልባጩ ነው፣ ግመሉ የራሱ ነው፣ ወደ 15,000 የሚጠጋ የቆላ ግመል የጎጃምን ዳገትና ብርድ ላይ ነዱት፣ አብዛኛው መንገድ ላይ አለቀ። በቅሎ ነበር የሚያስፈልገው፣ ማንም የጎጃም ባላገር ይነግረው ነበር።

እሺ፣ ኮሜንት። ያለፈውን ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ስለ ዊንጌት እሠራለሁ ስላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ "ዊንጌት ባሕር ዳርን ነጻ ያወጣው" ያላችሁ፣ አንዱ ደግሞ "አያቴ ጊዮርጊስ አጠገብ አይተውታል" አለ። አያትህን አከብራለሁ ወንድሜ፣ ግን አይመስለኝም። ያኔ ባሕር ዳር ይቺ ከተማ አይደለችም፣ ቤተክርስቲያኗና ዙሪያዋ ያለ መንደር ነው፣ የጣልያን ጦር የሰፈረበት። የጌዴዎን ጦር ሲመጣ ጣልያን ዳንግላን ለቆ ወደዚህ፣ ወደ ባሕር ዳር ሸሸ። ዊንጌት ምን አደረገ? አልተከተለውም! ዋናውን ጦር ይዞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቡሬ ዞረ፣ እዚህ ያለውን እንዲጠብቅ ሜጀር ሲሞንድስን በትንሽ ጦር ላከ። ስለዚህ አያትህ ያዩት ፈረንጅ ሌላ መኮንን ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ባርኔጣ ያደረገ ቀይ ሰው ሁሉ ለሕዝቡ አንድ ነው። ባሕር ዳርን መተው ሞኝነት ነው ያላችሁም ነበራችሁ፣ እኔ ግን ከሠራቸው ሁሉ ብልጡ ነው እላለሁ፣ ሀይቅ ጀርባው ያደረገ ጦር የት ይሄድብሃል፣ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በቡሬና በደብረ ማርቆስ ነው። ቡሬ የካቲት ላይ ተለቀቀ፣ ደብረ ማርቆስ መጋቢት ላይ፣ ሚያዝያ 27 ጃንሆይ አዲስ አበባ።

ከኮሜንቱ ሌላው "እንግሊዝ ነው ነጻ ያወጣን" የሚለው ነው፣ ይሄኛው ያናድደኛል። ከቡሬ የሸሸው ጣልያን ወደ ደንበጫ ሲሄድ መንገዱ ላይ የቆመው ኢትዮጵያዊው ሻለቃ ጦር ነው፣ ሳይታሰብ ያ ሁሉ ጦር ላዩ ላይ መጣበት፣ ብዙ ደም የፈሰሰው እዛ ነው። አርበኛው ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ ጣልያንን ከምሽጉ እንዳይወጣ አድርጎ አስፈራርቶታል፣ ማሰሮ ሲሰበር የሚደነግጠው እኮ ቀድሞ የፈራ ነው። መሳፍንት ምዕራፍ 8ን አንብቡ። የኤፍሬም ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው ሲያበቁ ጌዴዎንን "ስትዘምት ለምን አልጠራኸንም?" ብለው ተጣሉት። ጌዴዎንም "የኤፍሬም ቃርሚያ ከአቢዔዝር ወይን መከር ይሻላል" ብሎ አበረዳቸው፣ አቢዔዝር የራሱ የጌዴዎን ወገን ነው። እንግሊዝ ለጎጃም አርበኛ እንደዚህ ያለ ቃል ነበረበት። ሰፈር በስሙ የተሰየመለትን አርበኛ ቁጠሩና ንገሩኝ፣ ወያላው ግን "ዊንጌት" ነው የሚለው።

ዊንጌት ከድል በኋላ ካይሮ ሄደ፣ ወባ ይዞታል፣ ማዕረጉን መልሰው ወደ ሻለቃ አውርደውበታል፣ ሪፖርቱ አለቆቹን አስቆጥቷል፣ ጁላይ 1941 ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ። ከዛ በርማ፣ ከጃፓን ጋር፣ ቺንዲት የሚባለውን ጦር ይዞ ጫካ ገባ፣ በ1943 ከገቡት 3,000 ሰዎች ወደ 2,200 ተመለሱ፣ ቸርችል ወደደው፣ ሜጀር ጀነራል ሆነ። ዘዴው ያው የጎጃሙ ነው፣ ግመሉ ብቻ በአውሮፕላን ተተካ፣ ስንቁ ከሰማይ ይጣልላቸዋል። ትምህርቱን ከግመሎቹ አግኝቶታል።

መጋቢት 1944 የተሳፈረበት የአሜሪካ አውሮፕላን ህንድ ውስጥ ማኒፑር ኮረብታ ላይ ወደቀ። 41 ዓመቱ ነበር። አስከሬኖቹ ስላልተለዩ ከአሜሪካኖቹ ጋር አንድ ላይ ተቀበረ፣ በ1950 ሁሉንም አንድ ላይ አርሊንግተን ወሰዷቸው። እንግሊዝ፣ ህንድ ተወልዶ፣ ጎጃም ተዋግቶ፣ አሜሪካ ተቀበረ። ስለዚህ "መቃብሩ አዲስ አበባ ያለው የዊንጌት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው" ያልሽኝ እህቴ፣ የለም። ትምህርት ቤቱ በ1946 የተከፈተው ለመታሰቢያው ነው።

በሚቀጥለው ሳንድፎርድን ነው የምንሠራው። ዓሣው ደርሷል፣ እየጠሩኝ ነው፣ ቻው።