ፔሊካን የአንድ ሐይቅ ወፍ አይደለም

እንደምን አደራችሁ። ስለ አንድ ወፍ ለመስማት ብላችሁ በጠዋት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ነጭ ፔሊካን ሲነሳ የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፈው መንቁሩ ላይ ነው። እኔንም መጀመሪያ የማረከኝ እሱ ነው። ስለዚህ ከዚያው እንጀምር።

ነጭ ፔሊካን የሚባሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሰሜን አሜሪካው ነው። በመራቢያው ወቅት መንቁሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ጉብታ ያበቅላል። እንቁላል ከተጣለ በኋላ ጉብታው ተነቅሎ ይወድቃል። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ ሌላኛው ነው፤ በአፍሪካ፣ በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓና በእስያ ስለሚገኘው። ወንዱ እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ3 ሜትር ሊበልጥ ይችላል።

ይህ ወፍ ዓሣ ሲያጠምድ በባይኖኩላር ያየ ሰው ቶሎ ተነስቶ አይሄድም። ስምንት አሥር ሆነው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ሰልፉ ቀስ እያለ ይጎብጥና የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይይዛል። ዓሣውን በመሃል አድርገው ወደ ዳር፣ ውኃው ወደሚሳሳበት ይነዱታል። ከዚያ ሁሉም አንገታቸውን ባንድ ጊዜ ይደፋሉ። አለቃ የለ፣ ፊሽካ የለ፤ ግን አንገት ሁሉ እኩል ወርዶ እኩል ይነሳል። እንደገና ጥቂት ይቀዝፋሉ፣ እንደገና ይደፋሉ።

አሁን አንዱን ብቻ ጠጋ ብለን እንየው። የታችኛው መንጋጋው ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ናቸው። አፉን ውኃ ውስጥ ሲከፍት አጥንቶቹ ወደ ጎንና ጎን ይለጠጣሉ። በመካከላቸው ያለው ቆዳ እንደ መረብ ይሰፋል። ከ10 ሊትር በላይ ውኃ ይገባበታል። 10 ሊትር ውኃ 10 ኪሎ ነው። ይህን ሁሉ አንጠልጥሎ ቀና ማለት አይችልም። ስለዚህ አፉን ገጥሞ የመንቁሩን ጫፍ ቁልቁል ወደ ደረቱ ይጫነዋል። ውኃው በመንቁሩ ጠርዝ ይንጠፈጠፋል። ቆዳው እየሟሸሸ ይመጣል። አንዳንዴ ዓሣው በስሱ ቆዳ ውስጥ ሲንፈራገጥ ከውጭ ይታያል። ውኃው ሲያልቅ ጭንቅላቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ዋጥ!

ፔሊካን ደረቱን ወግቶ ደሙን ለልጆቹ ያጠጣል የሚለውን ጥንታዊ ተረት ከመካከላችሁ የሰማ ይኖራል። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በክርስቲያኑ ዓለም ሲነገር፣ ሲሳልም ኖሯል። መነሻው ምናልባት ይኸው መንቁርን ደረት ላይ መጫን ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ያየው ሰው ራሱን የሚወጋ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ስለ ከረጢቱ ሌላም የተሳሳተ ነገር ይባላል። ብዙዎቻችን የስንቅ መያዣ ይመስለናል። አይደለም። ማጥመጃ ነው እንጂ ጓዳ አይደለም። ፔሊካን ዓሣውን የሚያጓጉዘው ሆዱ ውስጥ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የመንቁሩን ዕድሜ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ የተገኘ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ቅሪተ አካል አለ። መንቁሩ ከዛሬዎቹ ፔሊካኖች ብዙም አይለይም። ግብፅ ውስጥ ደግሞ ከዚያ የሚቀድም፣ 36 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚሆነው ዘመዱ ተገኝቷል። ያን ሁሉ ዘመን መሣሪያውን መቀየር አላስፈለገውም።

ዋናው ጉዳዬ ግን መንቁሩ አይደለም። ጉዳዬ ይህ ወፍ የሚበላበትና የሚወልድበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተለያየ መሆኑ ነው።

ፔሊካን ጎጆው መሬት ላይ ነው። እንቁላሎቹ ሁለት ገደማ ናቸው። አራቱም የእግሩ ጣቶች በቆዳ የተያያዙ ስለሆኑ እንቁላሉን በሰፊ እግሩ ነው የሚያሞቀው። አንድ ወር ያህል ይታቀፋል። መሬት ላይ የተኛ እንቁላል ግን ለአውሬ ቀላል ሲሳይ ነው። የሰው ኮቴም ይበቃዋል፤ ደጋግሞ የተረበሸ መንጋ ጎጆውን ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ፔሊካን አውሬም ሰውም የማይደርስበት ደሴት ይፈልጋል።

ሻላ ሐይቅን እንውሰድ። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ፣ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው። ውኃው ሶዳ የበዛበት ነው፣ ዓሣ እንደልብ አይገኝበትም። ነጭ ፔሊካኖች ግን በደሴቶቹ ላይ ይወልዳሉ። በአፍሪካ ስማቸው ከሚነሳ የመራቢያ ቦታዎቻቸው አንዱ ነው። ምግብ በሌለበት ሐይቅ መሃል ልጅ ማሳደግ! መጀመሪያ ስሰማው ግራ ገብቶኝ ነበር። መልሱ ከጎን ያለው አብያታ ሐይቅ ነበር። አብያታ ጥልቀት የለውም፣ ድሮ ዓሣ ሞልቶበት ነበር። ፔሊካኖቹ ከሻላ ተነስተው እዚያ በልተው ይመለሱ ነበር።

ከዚያ አብያታ መጉደል ጀመረ። ወደ እሱ የሚፈሰው ውኃ ለመስኖ ተቀነሰ። ከሐይቁም ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ ለሚውል ጨው) ማምረቻ ውኃ ተሳበ። ሲጎድል ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴቶች ላይ ማንም እጁን አላሳረፈም። ጎጆዎቹን የነካ የለም። ምሳቸው ግን ጠፋ። አሁን እንደ ዝዋይ ወዳሉ ራቅ ያሉ ሐይቆች መሄድ ግድ ሆነባቸው።

መንገድ ማርዘም ለዚህ ወፍ ቀላል ነገር አይደለም። ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ መሄድ አቅሙን ይጨርሰዋል። የሚሻለው ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ጠብቆ ወደ ላይ የሚወጣውን ሙቅ አየር መንጠላጠል ነው። እየዞረ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፋል። በሰልፍ መብረርም ይረዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ሴኔጋል ውስጥ ፔሊካኖች ጀልባና ቀላል አውሮፕላን እንዲከተሉ ሠልጥነው የልብ ምታቸው ተለካ። በሰልፍ የሚበሩት ልብ ብቻውን ከሚበረው ከ11 እስከ 14 በመቶ ቀንሶ ይመታ ነበር። ከፊት ያለው ክንፍ የሚያነሳው አየር ከኋላ ያለውን ይደግፈዋል። ይህ ሁሉ ቁጠባ ያለ ምክንያት አልመጣም።

ኬንያ ውስጥ ነገሩ በተቃራኒው ሆኗል። ናኩሩ ሐይቅ ዓሣ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ ትንኝ እንዲቀንስ ተብሎ ከማጋዲ ሐይቅ የመጣ የቆሮሶ (የቲላፒያ) ዘመድ የሆነ ትንሽ ዓሣ ተጨመረበት። ዓሣው ተራባ፣ ፔሊካኖቹም በሺህ መጡ። ግን ናኩሩ ላይ አልወለዱም። የሚወልዱት ጎረቤቱ ኤልመንቴይታ ሐይቅ ውስጥ ባሉ ድንጋያማ ደሴቶች ላይ ሆነ። እዚህ ይበላሉ፣ እዚያ ያሳድጋሉ።

ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚሰደዱት ፔሊካኖች ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ይፈልጋሉ። ከዳኑብ ወንዝ አፍ ተነስተው ወደ አፍሪካ ሲወርዱ እስራኤል ላይ ያርፋሉ። ርቧቸው የዓሣ እርባታ ገንዳዎች ላይ ሲወርዱ ከገበሬ ጋር ይጣላሉ። እዚያ የተገኘው መፍትሔ ደስ ይለኛል። ለእነሱ ብቻ ተብሎ አንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ ዓሣ ይጨመርላቸዋል። በልተው ይሄዳሉ።

ፔሊካን በዓለም ደረጃ ሊጠፋ ነው አልላችሁም፣ አይደለምም። ነገር ግን በብዛት የሚወልድባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከእናንተ አንድ ነገር እለምናለሁ። ከአንድ ሐይቅ ውኃ ለመሳብ ሲታሰብ፣ ወይም አንድ ደሴት ለጀልባ ጎብኚ ሊከፈት ሲባል፣ «እዚህ የሚበላው የት ይወልዳል? እዚህ የሚወልደው የት ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው በወረቀት ላይ ከሰፈረ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የያዛችሁልኝን ነገር አሁን መልሱልኝ። ዓሣው በሆድ ነው የሚመጣው ብዬ ነበር። ጫጩቱ ሲፈለፈል ራቁቱን ነው። ከሁለቱ አንዱ ብዙ ጊዜ አያድግም፤ ማየቱ ያሳዝናል። የቀረው ጠንከር ሲል፣ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ከእኩዮቹ ጋር ተጠጋግቶ ይውላል። ወላጁ ሲያርፍ ከመቶ ጫጩት መካከል የራሱን ይለያል። ጫጩቱ ሙሉ ጭንቅላቱን በወላጁ ጉሮሮ ውስጥ ይሰነቅራል። ከውጭ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። ጠግቦ ሲወጣ አንዳንዴ ይወራጫል፣ በአንድ ክንፉ እየተጎተተ ይሽከረከራል፣ ራሱን የሳተ መስሎ ይወድቃል። ጥቂት ቆይቶ ይነሳል። መብረር እስኪችል 65 ወይም 75 ቀን ይፈጅበታል። እስከዚያ ድረስ እናትና አባት ረፋድ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ይነሳሉ፣ ከደሴቲቱ በላይ እየዞሩ ከፍ ይላሉ፣ ዓሣ ወዳለበት ሐይቅ ያቀናሉ።

አመሰግናለሁ።